የከሰል ምድጃውን ዛሬ ማታ ያውጡት፦ ከደሴ ለቀረበ የባጂ አያያዝ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከደሴ ነው። ለልጄ ብዬ አንድ ባጂ፣ ያቺን ትንሿን የቤት በቀቀን ማለቴ ነው፣ ከአዲስ አበባ ገዝቼ አመጣሁ፤ ቤታችን ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከዚህ በፊት ወፍ አሳድጌ አላውቅም። ደሴ ብርድ ስለሆነ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ካለው ክብ የሽቦ ጎጆው አጠገብ የከሰል ምድጃ አስቀምጥለታለሁ። ዳጉሳና ሱፍ እሰጠዋለሁ፤ ሱፉን በጣም ይወደዋል፤ አትክልት ግን አይነካም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያረፍዳል፤ ጭራውም ከፍ ዝቅ ይላል። ጎረቤቴ ‹ብርድ መትቶት ነው፤ ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጠሽ ስጪው› አለችኝ። አንድ ዘመዴ ደግሞ ‹ብቸኝነት ነው፤ ጓደኛ ግዢለት› ይላል። ለመናገርም ምንም ምልክት አላሳየም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት የከሰል ምድጃው ዛሬ ማታ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ የቀረውን ምላሽ ምድጃው ከወጣ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል። ወፉን ከብርድ ያድነዋል ብለው ያስቀመጡት ከሰል፣ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ጋር ሲታይ፣ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ጉዳዩም የወፉ ብቻ አይደለም፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል በሚያድርበት ቤት ውስጥ እርስዎና ልጅዎም ታድራላችሁ።

ጎረቤትዎ የላባውን መነፋት አይተው ብርድ ነው ማለታቸው አይገርምም፤ ወፍ ሲበርደው በእርግጥ ላባውን ይነፋል። ነገር ግን የበረደው ጤነኛ ወፍ አንድ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ጥቂት ካሸለበ በኋላ፣ ቀኑ ሞቅ ሲል ላባውን አራግፎ ይንጫጫል፣ ይበላል። የታመመው ግን በሁለቱም እግሩ ቆጡን ጨብጦ በጠራራ ፀሐይም ያንቀላፋል። በየትንፋሹ ጭራው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ አየር ለማስገባት እየታገለ ነው ማለት ነው፤ ይህ የብርድ ሳይሆን የመተንፈስ ችግር ምልክት ነው። ባጂ በዱር የሚኖረው በመንጋ ሲሆን፣ በመንጋው መካከል ድካሙን ያሳየ ወፍ የጭልፊት ሲሳይ ስለሚሆን ሕመሙን እስከ መጨረሻው ይደብቃል። ስለዚህ ምልክቱን ያዩት ባለፈው ሳምንት ቢሆንም ችግሩ ከዚያ ቀደም ብሎ እንደ ጀመረ ይቁጠሩት።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ጭስ ስለሌለው ብቻ «ንጹሕ እሳት ነው» ማለት አይቻልም። የወፍ ሳንባ እንደ እኛ ሳንባ እየተነፋ የሚሟሽሽ አይደለም። በሰውነቱ ውስጥ የተዘረጉ፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ የሚሆኑ የአየር ከረጢቶች አየሩን እየገፉ በሳንባው ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ያፈስሱታል። ለመብረር ብዙ ኦክስጅን የሚያስፈልገውን ፍጡር ይህ አሠራር እጅግ ይጠቅመዋል፤ አየሩ የተመረዘ ሲሆን ግን መርዙንም በዚያው ፍጥነት ይወስዳል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፏ ከቆጧ ስትወድቅ ያዩ ሰዎች ራሳቸው ከመውደቃቸው በፊት ለመውጣት ጊዜ ያገኙ ነበር። የእርስዎ ባጂ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። ሰውን ራስ ምታት ብቻ አሳይቶ የሚያልፍ አየር እሱን ሊገድለው ይችላል።

በአንድ ክረምት በጫማ ካርቶን ተደርጎ የመጣልኝን ባጂ አልረሳውም። ባለቤቶቹ ብርድ ገደለው ብለው ነበር ያመጡት። የሞተውን ወፍ ለምርመራ ስቀደው አንገቱ ሥር ያለው የእህል ከረጢት በዳጉሳ እንደ ሞላ ነው፤ የደረቱ ጡንቻም አልጎደለም፤ ሳንባውና ሥጋው ግን ደማቅ ቀይ ሆነው ነበር፤ ይህም የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ምልክት ነው። ማለትም ወፉ በልቶ፣ ጠግቦ፣ በደህና ተኝቶ ነው የሞተው። በዚያች ሌሊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ስጠይቅ «ከምድጃው በቀር ምንም» አሉኝ።

ስለ ደሴ ብርድ ያለው ስጋት ከልክ በላይ ነው። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጦሳ ሥር የተቀመጠች መሆኗ እውነት ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ሆኖም ባጂ የሞቃት ደን ወፍ አይደለም። የትውልድ ቦታው የአውስትራሊያ ደረቅ መሐል አገር ሲሆን፣ እዚያ ቀኑ ያቃጥላል፣ የቅዝቃዜው ወቅት ሌሊት ደግሞ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። አካሉ የለመደ፣ ላባው የተሟላ፣ በደንብ የሚበላ ወፍ የደሴን ሌሊት በቤት ውስጥ ያለ ምንም እሳት ያድራል። የሚጎዳው በበርና በመስኮት መካከል የሚነፍስ አየር፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ረጥቦ ማደር ነው። ጎጆውን ከውስጠኛው ግድግዳ አስጠግተው፣ ማታ ሦስቱን ጎን ወፍራም በሆነ የጥጥ ጨርቅ ሸፍነው አንዱን ጎን ለአየር ቢተዉለት ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ቢሆኑ ይህም ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ግን የእርስዎ ወፍ ታሟል፤ የታመመ ወፍ ደግሞ ሙቀቱን መጠበቅ ስለማይችል ለጊዜው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነው የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ነው፤ በፎጣ ጠቅልለው ከጎጆው ውጭ፣ ከአንዱ ጎን ያስጠጉትና ሲበርድ ይቀይሩት። መብራት ካለ ባለ 40 ዋት የድሮውን ዓይነት አምፖል ከጎጆው ውጭ፣ ጨርቁ እንዳይነካውና እሳት እንዳያስነሳ አድርገው ሊያበሩለት ይችላሉ። በሁለቱም መንገድ ሌላኛው ጎን ቀዝቀዝ ብሎ ይቆይ፤ ወፉ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ማጣት የለበትም። አፉን ከፍቶ፣ ክንፎቹን ከሰውነቱ አራርቆ ካዩት ሙቀቱ በዝቷል።

ከሰሉ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሌላው አየር ነው። ሳሎኑ ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚታጠንበት፣ ምናልባትም ለዱዓ ተሰብስበው ወዳጃ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ቡናውንም ዱዓውንም ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ የወሎ ቤት ያለ እነሱ ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወፉ ግን እዚያ መኖር የለበትም። የቡና ቁሌት ጭስ፣ የእጣንና የሰንደል ጭስ በየቀኑ ሲደጋገም የመተንፈሻ አካሉን ያቆስላል። ጎጆውን መስኮት ወዳለው መኝታ ክፍል በቋሚነት ያዛውሩት፤ ቡና ሲፈላ በሩ ይዘጋ። ኩሽና አጠገብ ያለ ክፍልም አይሆንም፤ ምግብ እንዳይዝ ተብሎ በቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ከጋለ የሚወጣው እንፋሎት፣ ሰው ሳይታወቀው፣ ቤት ውስጥ ያለን ወፍ በደቂቃዎች ይገድላል። የበረሮና የትንኝ መግደያ የሚረጭ መድኃኒት፣ የበረኪና ሽታ፣ የቀለምና የቫርኒሽ ሽታም በዚሁ ይቆጠራሉ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ዳጉሳው ጥሩ ነው፤ ሱፉ አይደለም፤ የሁለቱ ድምርም በቂ አይደለም። ሱፍና ኑግ ቅባታቸው ከፍተኛ ስለሆነ፣ በጠባብ ጎጆ ተቀምጦ የሚውል ባጂ በእነሱ ብቻ ሲቀለብ ጉበቱ ስብ ይይዛል። «ይወደዋል» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ልጅም ከረሜላ ይወዳል። እህል ብቻ የሚበላ ባጂ ከሁሉ በላይ የሚያጣው ቫይታሚን ኤ እና አዮዲን ነው። የመጀመሪያው ሲጎድል የአፍንጫው፣ የጉሮሮውና የመተንፈሻው ሽፋን ይጎዳል፤ ኢንፌክሽንም ይገባል። ሁለተኛው ሲጎድል እንቅርት ይወጣበታል፤ ያውም ከውጭ አይታይም፣ ከውስጥ ሆኖ የትንፋሽ ቧንቧውን ይጫናል፤ ወፉ ሲተነፍስ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ያሰማል፣ የበላውንም ይመልሳል። አፈሩ በአዮዲን ድሃ በሆነው ደጋችን እንቅርት በሰው ላይ ምን እንዳደረገ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። መፍትሔው ግን አዮዲን ያለበትን የምግብ ጨው መስጠት አይደለም፤ ጨው ለባጂ መርዝ ነው። ለወፍ ተብሎ የተዘጋጀ የአዮዲንና የካልሲየም ድንጋይ ከገዙበት ዓይነት ሱቅ ያስመጡለት።

ወፉ ሲድን መሠረታዊ ምግቡ ዳጉሳ፣ ጥቂት ጤፍና የተከካ አጃ ይሁን፤ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ይበቃዋል። ሱፍ በሳምንት ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ያውም ከእጅዎ እንዲበላ ለማላመጃ ብቻ ይሁን። ከዚያ በየቀኑ የታጠበ የጎመን ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቀይ ቃሪያ ይጨመርለት፤ ማቃጠሉ አያስጨንቅዎ፣ ወፍ የሚጥሚጣውን እሳት አይሰማውም። አትክልት አይነካም ያሉት ስለማያውቀው ነው፤ ባጂ በልጅነቱ ያላየውን ነገር እንደ ምግብ አይቆጥርም። ቅጠሉን አርጥበው ጠዋት፣ እህሉ ከመቅረቡ በፊት፣ ከቆጡ አጠገብ ከሽቦው ጋር ይሰሩለት፤ መጀመሪያ ውሃውን ይልሳል፣ ቀጥሎ ጫፉን ይቆርጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ወፉ ታሞ እያለ ምግብ አይቀየርበትም። በዚህ ሳምንት ሱፍም ቢሆን የሚበላውን ይብላ፤ ለውጡ ትንፋሹ ከተስተካከለ በኋላ ይጀመር።

በቆልት ግሩም ምግብ ነው፤ ዳጉሳ ወይም ስንዴ ዘፍዝፈው፣ ነጭ ጫፍ ሲያወጣ አጥበው መስጠት ይችላሉ። ማሽላን ግን አያብቅሉለት። ከቆላው የመጣ ገበሬ ሁሉ ከብቱን ከማሽላ ቡቃያ ለምን እንደሚከለክል ያውቃል፤ ለጋው ቡቃያ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። አቮካዶ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጥቂቱም ልቡን ይጎዳል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርት፣ ጨው ያለበት የቤት ምግብ በሙሉ እንዲሁ። ከገበያ የሚገዙት እህል የነቀዝ መድኃኒት ወይም ለዘር የተቀባ ቀለም ያልነካው መሆኑን ይጠይቁ፤ ከዚያም አጥበው በፀሐይ ያድርቁት።

የእህሉን ጣባም በየጠዋቱ ቀረብ ብለው ይዩት። ባጂ እያንዳንዱን ፍሬ በምላሱ እያሽከረከረ ይፈለፍልና ገለባውን እዚያው ይጥለዋል፤ ስለዚህ እስከ አፉ የሞላ የሚመስለው ጣባ ሲያነሡትና በቀስታ እፍ ሲሉት ገለባው ብን ብሎ ከሥር ባዶ ሸክላ ሊቀር ይችላል። «ምግቡ ሙሉ ነበር» እየተባለ በረኃብ የሚሞት ባጂ አለ።

ቴትራሳይክሊኑን አይስጡት። የጎረቤትዎ ምክር ከምንም የተነሣ አይደለም፤ በቀቀኖች ክላሚዲያ ሲታሲ በሚባል ባክቴሪያ ይታመማሉ፣ ሕክምናውም የዚያው ቤተሰብ በሆነው ዶክሲሳይክሊን፣ በባለሙያ ተመጥኖ፣ እስከ 45 ቀን የሚሰጥ ነው። የሰው ካፕሱል በመጠጫ ውሃ በጥብጦ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የታመመ ወፍ ውሃ የሚቀምሰው በጠብታ ነው፤ መራራ ሲሆንበት ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል። መድኃኒቱ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ይታሰርና ወደ ደም አይገባም። ያነሰ መጠን ሲወስድ ሕመሙ ሳይድን ምልክቱ ብቻ ይደበዝዛል፣ በኋላ ለሚመረምረውም አስቸጋሪ ይሆናል። ይህ ባክቴሪያ ወደ ሰው ይተላለፋልና ኩሱን ደረቁን አይጥረጉት፤ በውሃ አርጥበው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ያጽዱ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው ለሐኪሙ «ቤታችን በቀቀን አለ» ማለትን አይርሱ።

ክቡን ጎጆ ይቀይሩት። ባጂ የሚበረው ወደ ጎን ነው እንጂ ወደ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ከቁመት ይልቅ ወርድ ይጠቅመዋል። ለአንድ ወፍ በየጎኑ ከ45 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ለሁለት ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ አራት ማዕዘን ጎጆ ያሠሩ። ብረት ቤት የሚያሠሩት ከሆነ አዲስ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ጣጣ አለው፤ ወፉ በምንቃሩ እየተሳበ ስለሚወጣጣበት የዚንኩን ቅርፊት ይውጣል፣ ይመረዛልም። ከዚያ ሽቦ ሌላ ካልተገኘ በአቼቶና በብሩሽ ደጋግመው ፈትገው፣ አጥበው፣ ጥቂት ሳምንት ውጭ ያቆዩት። ለቆጥ የፋብሪካውን ለስላሳ ዘንግ ጥለው፣ ውፍረታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የተለያዩ ቅርንጫፎች ያስገቡ፤ ወይራ ይሆናል፣ ባህር ዛፍ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ባጂና ባህር ዛፍ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ በአውስትራሊያ ዱር ባጂ እንቁላሉን የሚጥለው በባህር ዛፍ ግንድ ሽንቁር ውስጥ ነው። ደሴን በከበበው ባህር ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሲያስገቡለት ቅርፊቱን እየላጠ ሲውል ያዩታል። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው መርዝ ስለሆነ አይግቡ። ግቢዎ ዶሮ ካለ ወፉን ያርቁት፤ ፈንግል ለእሱም ይተርፋል።

ልጅዎን አንድ ነገር ያስተምሩልኝ። ወፍ እንደ እኛ ዲያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የለውም፤ የሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ነው። ደረቱን በፍቅርም ቢሆን እፍን አድርጎ የያዘ እጅ ትንፋሹን ያቆመዋል። ለጊዜው ለመመዘንና ለሕክምና ካልሆነ በቀር ማንም አይያዘው።

መናገሩን በተመለከተ በሦስት ሳምንት የሚጠበቅ ነገር የለም። በአብዛኛው የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ከምንቃሩ በላይ ያለው የአፍንጫው ሥጋ ሰማያዊ ከሆነ አዋቂ ወንድ፣ ቡናማ ከሆነ ሴት ናት፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ከሆነ ገና ጫጩት ሊሆን ይችላል። ከሰው ጋር ከተላመደ በኋላ ወራት ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ ላይናገር ይችላል።

ዘመድዎ ስለ ጓደኛ ያሉት በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ ባጂ ለብቻው እንዲኖር አልተፈጠረም። ጊዜው ግን አሁን አይደለም። ሕመሙ ካልታወቀ ወፍ አጠገብ ጤነኛ ማምጣት ሁለተኛውን መጉዳት ነው። ከዳነ በኋላም የሚመጣው ወፍ ቢያንስ 30 ቀን በሌላ ክፍል ይቆይ፤ ሁለት ሴቶችን አንድ ላይ ማድረግ ጠብ ያመጣልና ሁለት ወንድ ወይም ወንድና ሴት ይሁኑ። ምናልባት ከደን የተያዘ አረንጓዴ ወፍ «ይኸው ጓደኛ» ብሎ የሚያቀርብልዎ ሰው ቢመጣ አይግዙ። ጥቁር ክንፍ ያለው፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ የሆነው የደጋችን ላቭበርድ የሚባለው ትንሽ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ከባጂ ጋር ቢቀመጥ እግሩን ነክሶ ሊቆርጠው ይችላል፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የሚያስጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ የምላሼን ወሰን ልናገር። ወፉን ሳላይ ከሰሉ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው፣ ወይስ እንቅርት ነው ብዬ ልቆርጥ አልችልም፤ ሦስቱም ጭራን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምድጃው ከወጣ፣ ጎጆው ወደ ንጹሕ አየር ከተዛወረና ሙቀት ካገኘ በኋላ እስከ ነገ ማታ መሻል ካላሳየ፣ ወይም አፉን ከፍቶ መተንፈስ ወይም ከጎጆው ወለል ላይ መቀመጥ ከጀመረ፣ በዚያው ቀን በጨርቅ በተሸፈነ ትንሽ ካርቶን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ደሴ ላይ ያሉት ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ከብት፣ በግና ዶሮ ስለሆነ ባጂ ላይ ልምዳቸው ውሱን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ኩሱን በማይክሮስኮፕ ማየትና መድኃኒቱን በክብደቱ መመጠን ይችላሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትንም ይጠይቁ። ሲሄዱ የጎጆውን ወለል በነጭ ወረቀት አንጥፈው የአንድ ሌሊቱን ኩስ እንደ ወረደ ይዘው ይሂዱ።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ያግኙና በየጠዋቱ፣ ከመብላቱ በፊት፣ ወፉን በትንሽ ካርቶን አድርገው ይመዝኑ፤ የካርቶኑን ቀንሰው ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉ። ሦስት ወይም አራት ግራም መቀነስ ለሰው እንደ ስድስት ኪሎ ነውና የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። ቁጥሩ ስድስት ሳምንት ሳይዋዥቅ ከቆየ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ባጂ ይግዙ።